በእርጥብ ሣር የተወሰደ እርምጃ

ለማከብርዎ እትዬ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጉልበትዎ ቀለል ብሎዎት፣ ያ የሌሊት ሳልም ለቆዎት ያገኝዎ ዘንድ የእህትዎን የወለቴን አምላክ እለምናለሁ። የሶዶ ብርድ እንዴት አድርጎዎታል? የላኩልኝን ቅቤ ተቀብያለሁ፤ እጅዎን አይንሳኝ። እኔ ክብር ለስሙ ይሁን በሕይወት አለሁ። እህል ግን አልረጋ ብሎኛል። እዚህ አርባ ምንጭ ማንጎ ደርሶ ሰው ሁሉ ማንጎ ይበላል፤ እኔ ሽታው ሲመጣብኝ ፊቴን አዞራለሁ። ምክንያቱን ወደ ታች ያገኙታል።

ከሁሉ አስቀድሜ ይቅርታ ልጠይቅዎ። ባለፈው በስልክ፣ «የልጅህ ሰርግ ደርሶ ጉልበቴን አላስምም ማለትህን ሰማሁ፤ ምን አድርጎህ ነው?» ሲሉኝ አንደበቴ ቀደመኝና «እርምጃ ወሰደ» አልኩዎ። ዝም አሉ። ስልኩ ተዘጋ። ኔትወርክ ነው ብዬ ራሴን ላታልል ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። በእርስዎ ጆሮ ውስጥ ያ ቃል የት እንደተቀበረ እያወቅሁ ነው ያወጣሁት።

ወለቴ ነግራኝ ነበር። በደርግ ጊዜ ወንድማችሁ መምህር ሕዝቅኤል ከታሰረ በኋላ ከቀበሌ የተላከ ሰው እናታችሁ ቤት ኦቾሎ ድረስ ወጥቶ፣ ደጃፍ ላይ ቆሞ «በልጅሽ ላይ እርምጃ ተወስዷል» አለ። እናታችሁ አማርኛ አይሰሙምና የሚተረጉሙላቸው እርስዎ ነበሩ። እርስዎም ሞት የሚለውን ከአፍዎ ማውጣት አቅቶዎት «ተወስዷል» ያለውን ብቻ ነገሯቸው። እናታችሁም፣ «እንግዲያው የወሰዱትን ይመልሱልኝ» አሉ። ሰውየው ይህንን ሲተረጉሙለት ባርኔጣውን አስተካክሎ ሄደ። ወለቴ እስክትሞት ድረስ ሬዲዮ ያንን ቃል ከጠራ ተነስታ ትዘጋው ነበር። የእግር ኳስ ዜና ቢሆን እንኳ ትዘጋዋለች። ይፍሩ በዚህ ቤት ነው ያደገው። እርስዎ አዝለው ያሳደጉት ልጅ ነው።

አሁን ያ ልጅ ከዚያ ቃል እንጀራውን ይበላል።

የመሥሪያ ቤቱን ስም እዚህ አልጽፍም፤ ወረቀቱን ያቆሽሽብኛል። ከጨንቻ የሚወርደው መንገድ ዳር የሚሸጡትን ሴቶች ያውቋቸዋል፤ አፕል፣ ድንች፣ ማንጎ፣ የዶርዜ ጋቢ የሚዘረጉትን። እነሱን የሚያነሳው ክፍል ውስጥ ነው ይፍሩ የሚሠራው። ፋሲካ ካለፈ በኋላ ባጃጅ ላይ የተጫነ ድምፅ ማጉያ ሰፈር ለሰፈር መዞር ጀመረ። «በሕገወጥ የመንገድ ዳር ነጋዴዎች ላይ ጥብቅ እርምጃ ይወሰዳል» ይላል፤ ከዚያ ዘፈን ይለቃል፤ ዘፈኑ ሲያልቅ እርምጃውን ይደግማል። ጎረቤቴ መምህር ተክለወልድ፣ ከሰሜን ሊያስተምሩ መጥተው እዚሁ ጡረታ የወጡት፣ አጥሩን ተደግፈው «እኔና አንተ ጡረታ ወጣን፣ ይህ ቃል ግን ገና በሥራ ላይ ነው» አሉኝ። ሳቅሁ። ባልስቅ ይሻለኝ ነበር።

ያን ሰሞን ይፍሩ ሙዝ ይዞ ምሳ ሰዓት መጣ። ስለ ሥራው ሲያወራ ቃሉን ደጋግሞ ጠራው። እኔም፣ ያንን ቃል እንደ ጫማህ ደጅ አውልቀህ ግባ አልኩት። እሱ ሳቀብኝ እንጂ አልተቆጣም። ለልጅ እንደሚያስረዱ አድርጎ አስረዳኝ፤ የእናንተ ዘመን ቃል አይደለም፣ አሁን እርምጃ ማለት ሥርዓት ማስያዝ ነው፣ ማስጠንቀቂያም እርምጃ ነው፣ ቅጣትም፣ ማንሳትም፣ ማፍረስም እርምጃ ነው አለኝ። እኔ ከስምንተኛ ክፍል የቀረሁ ሰው ነኝ፤ ግን አንድ ነገር ጠየቅሁት። ሁሉም እርምጃ ከተባለ፣ ሰውየው የትኛው እንደሚመጣበት በምን ያውቃል? አልኩት።

«ጥቅሙ እሱ አይደል፣ አባዬ?» አለኝ።

እትዬ፣ ያኔ ነበር መንቃት የነበረብኝ። እኔ ግን ሙዝ ልጬ በላሁ።

ከዚያ የመጣበትን ነገር አወጣው። ሐሙስ ዕለት ትልልቅ እንግዶች በዚያ መንገድ ያልፋሉ፤ ሴቶቹ ለዚያች ቀን ብቻ ቢነሱ ይበቃል፤ በዱላ ይነሱ ከተባለ ሰው ይጎዳል። «አንተ ከሽማግሌዎች ጋር ሣር ይዘህ ብትለምናቸው ያለ ግርግር ይነሳሉ። እኔን አይሰሙኝም፣ አንተን ይሰሙሃል» አለኝ። ዕቃቸውስ? አልኩት። በቦታው ይቀመጥ፣ ማን ይነካዋል፣ በማግስቱ ይመለሳሉ አለ። እርምጃ የሚባል ነገር የለም? ብዬ ደግሜ ጠየቅሁት። «እርምጃማ እምቢ ባለ ላይ ነው የሚወሰደው» አለኝ። በእናቱ ስም አስምዬዋለሁ። ምሏል።

ለእርስዎ ሣር ምን እንደሆነ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ከተንበረከከ፣ ጦር የያዘ ጦሩን ያወርዳል። ሣሩን ተሻግሮ ያለፈ ጎሜ ይይዘዋል፣ ነውሩ ልጁንና ከብቱን ይከተላል ተብለን ነው ያደግነው። እኔ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነኝ፤ ጎሜን እንደ አባቴ አልፈራም። ሣሩን ግን አከብራለሁ። ጠብ የሚያቆም ነገር ሁሉ ከእግዚአብሔር የመጣ ይመስለኛል። ደግሞስ ልደብቅዎ? ልጄ እኔን ፈልጎ በመምጣቱ ደረቴ ነፋ ብሎ ነበር። ወለቴ የፈተለችልኝን ጋቢ ለብሼ፣ ሣሩን ከጓሮዬ አጭጄ፣ መስተዋት አይቼ ነው የወጣሁት። በሰማንያ ዓመቱ ከዶርዜ የወረደ አዛውንትና አንድ ሌላ ሽማግሌ ነበሩ ከእኔ ጋር።

አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ተንበረከክን። ሴቶቹ ጮኹብን፤ ቀኑ የገበያ ቀን ነው፣ ልጆቻችን ምን ይበላሉ አሉ። ከሁሉ በላይ የተቆጣችው በለጥሽ የምትባል የጨንቻ ሴት ናት፤ አፕል ነው የምትሸጠው፣ ምላሷ እንደ ምላጭ ነው። ብዙ ከተናገረች በኋላ ሣሩን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ፣ «የይፍሩ አባት፣ ፖሊስ ቢመጣ አልነሳም ነበር። ሣር ይዘው ከመጡ ምን እላለሁ?» አለች። ተነሳች። ሌሎቹም ተነሱ።

ዕቃቸውን ትተው ነው የሄዱት። ይህንን ሌላ አገር ሰው አያደርገውም። አፕሉን በነጠላ ሸፈኑ፣ ጋቢዎቹን እንደታጠፉ መደቡ ላይ ተዉ፣ ጃንጥላዎቹን እንደተዘረጉ ተዉ። ሣር ከተቀመጠ በኋላ ሰው የሰው ዕቃ አይነካማ። በለጥሽ የልጇን ጫማ እንኳ ከመደቡ ሥር አላነሳችም።

ከሰዓት በኋላ እግሬን እየታጠብኩ ሳለሁ መምህር ተክለወልድ በአጥሩ ላይ ጠሩኝ። ድምፃቸው ልክ አልነበረም። በባጃጅ ደረስኩ። እንግዳ የሚባል አላለፈም፤ ያለፈው ሎደር ነው።

ያየሁትን ልጽፍልዎ ብዕሬን ሦስቴ አንስቼ አስቀምጫለሁ። መደቦቹ ተሰባብረው አንድ ላይ ተገፍተዋል። አፕሉና ማንጎው ከጎማ ሥር ወጥቶ መንገዱ ላይ ተለጥፏል፤ ጭማቂው በፀሐይ ፈልቶ ወደ ቦዩ ይወርዳል፤ ዝንብና ንብ ከብዛቱ የተነሳ ጥቁር ጨርቅ የተነጠፈ ይመስላል። አንድ ነጭ ጋቢ የሎደሩ ጎማ ላይ ተጠምጥሞ አብሮ ይዞራል። ሽታው ጣፋጭ ነበር እትዬ፤ እሱ ነው የከፋው፤ ሬሳ ያለበት ቤት ሽቶ የረጩ ይመስል። ከመኪና ኋላ ሄጄ አስመለሰኝ። ሣራችን እዚያው ጠርዙ ላይ ነበር፤ የጎማ ጥርስ ታትሞበታል።

ልጄ የሚያብረቀርቅ ሰደርያ ለብሶ በስልኩ ፎቶ ያነሳ ነበር። ምነው ልጄ፣ እምቢ ያለ ነበር ወይ? አልኩት። ዓይኔን አላየም።

«እኔ አይደለሁም፣ አባዬ። ከላይ የወረደ ነው። እርምጃው ተወስዷል፤ አለቀ።»

ያኔ ያን የቀበሌ ሰውዬ አየሁት። ፊቱን አላውቀውም፤ ባርኔጣውን ሲያስተካክል ግን አየሁት። ይህንን ቃል ይዞ የሚመጣ ሰው ምንጊዜም እኔ ነኝ አይልም። ተወሰደ ይላል፤ እንደ ዝናብ ከሰማይ የወረደ ያስመስለዋል። ልጄ እጁ ላይ አንዲት ጠብታ ማንጎ አልነበረችም። በጣም ንጹሕ ነበር። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ያንን እጅ መጨበጥ አልፈልግም፤ አባት ስለ ልጁ እንዲህ ይጽፋል? እጽፋለሁ። ለእርስዎ ካልጻፍኩ ለማን እጽፋለሁ?

ገና አልጨረስኩም። በማግስቱ መምህር ተክለወልድ የመሥሪያ ቤቱን ፌስቡክ አሳዩኝ። ማሳየቱን አልፈለጉም ነበር፤ እኔ ነኝ ያስጨነቅኋቸው። «በሕገወጦች ላይ ጥብቅ እርምጃ ተወሰደ» ይላል፤ ሙዚቃ አለው። ከሥሩ እኔ ተንበርክኬ፣ ጋቢዬን ለብሼ፣ ሣር ይዤ አለሁ። «የአገር ሽማግሌዎችም እርምጃውን ደግፈዋል» የሚል ተጽፎበታል። ከዚያ ሥር ሰዎች የማያዳግም ይሁን፣ ይበል የሚያሰኝ ነው ብለው ጽፈዋል። መምህር ስልኩን ኪሳቸው ከተው፣ «ፎቶውስ አምሮብሃል» አሉኝ፤ ሊያስቁኝ ነበር። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ሲጠርጉ ቆዩ።

ይፍሩ በሳምንቱ ሹመት አገኘ። ደውሎ ነገረኝ፤ ድምፁ ውስጥ ደስታም ፍርሃትም ነበር። ከእጮኛው ከኖላዊት ጋር የሰርጉን ቀን የቆረጡትም ያኔ ነው። ልጅቷ ምንም አላጠፋችም፤ ጨዋ ናት። ግን እትዬ፣ ሙሽራ ሆኖ መጥቶ የሚስመው ጉልበት እኮ ያ አስፋልት ላይ የተንበረከከው ጉልበት ነው። ሌላ ጉልበት የለኝም።

ሽማግሌዎች ተሰብስበን ነበር። የዶርዜው አዛውንት ብዙ አልተናገሩም። ሣሩን ያረከሰው ሰው ራሱ መጥቶ፣ ሴቶቹ ፊት ቆሞ፣ ያደረገውን በአፉ ይናገር፤ እስከዚያ እኛ ሦስታችን ሣር አንይዝም አሉ። ቀላል ነገር እንዳይመስልዎ። ባለፈው ሳምንት ሁለት ወንድማማቾች በድንበር ተጣልተው ሌሎች ሽማግሌዎች ሣር ይዘው ሄዱ። ታናሽየው መጥረቢያውን ሳያስቀምጥ «ከኋላችሁ ሎደር አለ ወይ?» አላቸው። ሰዉ ሳቀ። ታላቅየው ክንዱን ተመትቶ ሆስፒታል ነው። ይህ ሁሉ ከእኔ ጓሮ የታጨደ ሣር ነው።

ለይፍሩ መልእክት ላክሁበት። ኃላፊነት ላይ ያለ ሰው እንዲህ አያደርግም፣ ሥራዬን ያሳጣኛል አለ። ከዚያ እሁድ ከቅዳሴ ስወጣ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ፣ ሰው እየሰማ፣ «ይፍሩ ሬሳዬን እንዳይሸከም» አልኩ። ቁርባን የተቀበልኩበት አፍ ነው ይህን ያለው። ቤቴ ገብቼ ዳዊቴን ገለጥኩ፤ ፊደሉ አልታይህ አለኝ። በልጄ የተጸየፍኩትን ነገር በአፌ አደረግሁት ወይ? ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። እኔም አንድ ቃል ጣልኩና ሄድኩ። እኔም ቀጣሁ እንጂ አልመከርኩም። ይሁን እንጂ ቃሌን ልመልስ ስል ያ የማንጎ ሽታ ይመጣና እተወዋለሁ።

አሁን ደብዳቤውን ዛሬ ያስጻፈኝን ነገር ልንገርዎ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ የግቢዬ በር ተንኳኳ። ስከፍት በለጥሽ ናት፤ ሁለት ሌሎች ሴቶች አብረዋት አሉ። ልትሰድበኝ የመጣች መስሎኝ፣ ይገባኛል ብዬ ቆሜ ጠበቅሁ። እሷ ግን ከነጠላዋ ሥር እርጥብ ሣር አወጣችና በሬ ላይ ተንበረከከች። ግራ ገባኝ። ሣር የሽማግሌ ነው እንጂ አልኳት። «ሽማግሌዎቹ አንይዝም አሉ። እንግዲህ ማን ይያዝ?» አለች። ከዚያ ቀና ብላ፣ «ከኋላዬ ሎደር የለም፤ ወጥተው ይዩ» አለችኝ። አብረዋት ያሉት አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

የመጣችው የተናገርኩትን ቃል እንዳነሳ ልትለምነኝ ነው። በጋሞኛ ነው የተናገረችው፤ በአማርኛ ስጽፈው ይቀዘቅዛል። «እኔ የጠፋብኝ አፕል ነው፤ አፕል ዛፉ ላይ ይመለሳል። አባት ልጁን ሬሳዬን አትሸከም ካለው ግን የሚመልሰው ማነው? የተበደልኩት እኔ ነኝ። እርግማኑም የእኔ ነበር፤ እኔ አልፈልገውም።» የልጇን ጫማ ሰማያዊውን ከፍርስራሹ ውስጥ አንዱን ብቻ አግኝታዋለች አሉ። ይህንን እሷ አልነገረችኝም፤ አብረዋት ከመጡት አንዷ ናት።

እትዬ፣ ሣሩን ልቀበል እጄ አልዘረጋ አለኝ፤ ብቀበለው ይቅር አልኩ ማለት ነው፤ ልጄ ሳይናገር፣ ሳያፍር፣ እነሱ ተንበርክከው እሱ ምሕረት ያግኝ? በሩን ሳልዘጋ ጀርባዬን ሰጥቻት ገባሁ። እሷም ሣሩን በግቢው በር መድረክ ላይ ከዳር እስከ ዳር አስቀምጣው ሄደች።

እዚያው አለ። ከግቢዬ ሌላ መውጫ የለኝም። ሰውን አትሻገሩ እያልኩ ያረጀሁበትን ሣር እንዴት እሻገራለሁ? ዛሬ እሁድ ነው፤ ከወለቴ ቀብር ወዲህ ቅዳሴ ሲቀርብኝ የመጀመሪያዬ ነው። ቆሜ ከቤቴ ሆኜ ጸለይኩ። መምህር ተክለወልድ በአጥሩ ላይ ዳቦ አቀበሉኝና «ታሰርክ እንግዲህ፤ ይህስ በማን ትእዛዝ የተወሰደ እርምጃ ነው?» አሉኝ። ዓይናቸውን ሊታከሙ ነገ ወደ ሶዶ ስለሚመጡ ይህንን ደብዳቤም በዚያው በአጥር ነው የማቀብላቸው።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ይፍሩ ከእኔ ይልቅ እርስዎን ይፈራል። ስለ አጎቱ ስለ ሕዝቅኤል ይንገሩት። እኛ ዘጋንለት እንጂ አልነገርነውም፤ ሬዲዮውን እየዘጋን ልጁን ቃሉ ምን እንደሆነ ሳያውቅ አሳደግነው። እናታችሁ ደጃፍ ላይ ምን ብለው እንደጠየቁ፣ እርስዎም ምን ብለው እንደተረጎሙላቸው ይንገሩት። ከዚያ ይላኩት። ሰደርያውን አውልቆ ይምጣ። መንገድ ዳር ወርዶ፣ በእናቱ ቋንቋ፣ እኔ ነኝ ያደረግሁት ይበላቸው። ሹመቱን ያጣል ወይም አያጣም፤ እሱን አላውቅም። ከዚያ መጥቶ በሬ ላይ ያለውን ሣር በራሱ እጅ ያንሳና ያቀብለኝ። ጉልበቴ ያኔ የት እንዳለ ያውቃል። ካልመጣ ግን ኖላዊትን እርስዎ ይመርቁልኝ፤ እኔ ወደዚያ የሚያሻግር መንገድ የለኝም።

ጤናውን፣ ዕድሜውን፣ የልጅ ልጅ ጨዋታ መስማቱን እግዚአብሔር ያብዛልዎ። የእናታችሁንና የወንድማችሁን ነፍስ በአብርሃም እቅፍ ያኑርልዎ። ወለቴን በሕልምዎ ካዩዋት፣ ራቱን እየበላ ነው ይበሉልኝ፤ እንዳትጨነቅ።

ቶሎ ይላኩት እትዬ። የዚህ አገር ሙቀት እንደ ሶዶ አይደለም፤ የሣሩ ጫፍ ከጠዋት ጀምሮ ጠውለግ ብሏል። ማለዳ በጣሳ ውሃ አርከፈከፍኩበት። አሁንም ይህንን ጨርሼ ላርከፈክፍበት ነው።

አክባሪዎ፣
የእህትዎ ባል